የደረጃ ቤት

አንድ ላይ የተሳለን ንድፍ ወደየፋይሉ መክፈል ለእኔ ሻይ እስኪቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነው። ምድር ቤቱ፣ ፎቁ፣ ጣሪያው በአንድ ፋይል ጎን ለጎን ተዘርግተው ይመጡልኛል፤ እያንዳንዱን እመርጣለሁ፣ ቆርጬ አወጣለሁ፣ ስም ሰጥቼ አስቀምጣለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ስከፍል ኖሬያለሁ። የሐጂ ጋሌብና የሙስሊህ ቤት ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ እስከ ዛሬም ከሆዴ አልወጣም።

ስሜ ሱሃድ ነው። ኢርቢድ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ የመሐንዲስ ዋስፊ ንድፍ ሠሪ ነኝ። ደንበኛው ሁሉ "መሐንዲሷ" ይለኛል፤ ዋስፊ ይህን በሰማ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠርጋል። እውነቱን ነው፣ መሐንዲስ አይደለሁም። እሱ የሚፈርምበትን መስመር ሁሉ የማሰምረው ግን እኔ ነኝ።

ወንድማማቾቹ የመጡት ሰኞ ጠዋት ነበር። ታላቁ ሐጂ ጋሌብ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ይኖራሉ። ታናሹ ሙስሊህ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፣ ፎቁ ላይ ይኖራል። ቤቱን የሠሩት አባታቸው አቡ ጋሌብ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሚስቶቻቸው በውሃ ተጣልተዋል። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣልን፤ ያን ቀን የማን ታንከር ይቅደም በሚል ያልተኳረፈ ቤተሰብ ሰፈራችን ውስጥ የለም። ሙስሊህ በዚህ ንዝንዝ ተማሮ ፎቁን ሸጦ ዐቀባ ያለችው ልጁ ዘንድ ሊሄድ ቆርጧል። ለመሸጥ ደግሞ እያንዳንዱ ወለል የራሱ የባለቤትነት ደብተር ያስፈልገዋል። የመሬት መሥሪያ ቤቱ ለዚያ ሦስት ፋይል ይጠይቃል፦ አንድ ለምድር ቤቱ፣ አንድ ለፎቁ፣ አንድ ደግሞ ለጋራው፣ ማለትም ለግቢው በር፣ ለደረጃውና ለጣሪያው።

"ቤቱ ይከፈል እንጂ ልባችን አንድ ነው" አሉ ሐጂ ጋሌብ መቁጠሪያቸውን እያንቀጫቀጩ።

"ልባችሁንማ ማን ጠየቃችሁ፣ ሐጂ? መሥሪያ ቤቱ እንደሆነ እሱን አምጡ አላለም።"

ሙስሊህ ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም።

"መቼ ያልቃል?" አለኝ ሙስሊህ።

"ዛሬ" አልኩት። እንዲያ ብዬ ነበር።

የቤቱን የድሮ ፋይል ስከፍተው ከታች ጥጉ ላይ የሠሪው ስም ተጽፏል፦ ሱሃድ። የራሴ ሥራ ነው፣ ያውም የመጀመሪያው ዓመት ሥራዬ። መስመሮቹን ሳይ ሁሉ ነገር ትዝ አለኝ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አቡ ጋሌብ ሴት ልጃቸውን ረስሚያን አስከትለው መጡ። ረስሚያ ያኔ አርባ ሁለት ዓመታቸው ነበር፤ አላገቡም። እኛ ዘንድ ያላገባች ሴት ፀጉሯ ቢሸብትም ልጅ ናት፤ ቤተሰቡ እስከ ዛሬም "ልጅቷ" ነው የሚላቸው። አባትየው ወንበር ሳይስቡ ነገራቸውን ጀመሩ። "ወንዶቹ ቤት ቤታቸውን ይዘዋል። እኔ ስሞት ልጅቷ የወንድሞቿን ሚስቶች ፊት እያየች እንጀራ እንድትቆርስ አልፈልግም። ጣሪያው ላይ ሁለት ክፍል ልሥራላት።"

"ማዘጋጃ ቤቱ አይፈቅድም፣ አቡ ጋሌብ" አለ ዋስፊ። "ጣሪያ ላይ የሚፈቀደው የደረጃ ቤት ብቻ ነው።"

የደረጃ ቤት የምንለው ደረጃው ጣሪያው ላይ ሲወጣ ዝናብ እንዳይገባበት የሚከደንበትን ነው። በቋንቋችን ስሙ "ቤት" ሆነ እንጂ ማንም አይኖርበትም። ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ። ረስሚያ መሬት መሬት ያያሉ። ዋስፊ አንጀቱ አልቻለም መሰለኝ፣ ወደኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንግዲያው የደረጃ ቤቱን ሰፋ አድርጊዋ። ስለ ደረጃ የሚጠይቅ ሰው የለም። ደግሞስ ቤት የሚለው ቃል አለበት አይደል? ውሸትም አይደል።"

ሰፋ አደረግኩት። ግድግዳውን ገፋሁ፣ መስኮት አወጣሁ፣ አልጋውንና ምድጃውን ከንድፉ አጠፋሁ፣ መሐሉ ላይ "የደረጃ ቤት" ብዬ ጻፍኩ። ማዘጋጃ ቤቱ ያለ አንድ ጥያቄ አሳለፈው። ራሴን ብልህ አድርጌ ቆጠርኩ። አቡ ጋሌብ አንድ ትሪ የክናፋ ጣፋጭ ይዘው መጡ፤ ረስሚያ ደግሞ ግንባሬን ሳሙኝና "ቤት ሠራሽልኝ" አሉኝ። ያን ሳምንት ሙሉ እናቴን "ዛሬ ማን ቤት እንደሠራ ታውቂያለሽ?" እያልኩ አሰለቸኋት።

አባትየው በሞቱ በአርባኛው ቀን ወንድሞቹ ለእህታቸው ወረቀት አቀረቡ፤ ከውርሱ ድርሻዬን ትቻለሁ የሚል ወረቀት። በኛ አገር ብዙ ሴት ይህን ትፈርማለች። እምቢ ያለች እንደሆን ወንድሞቿን የዘረፈች ነው የሚመስለው። ረስሚያም ፈረሙ። "ቤት አለኝ፣ ድርሻ ምን ያደርግልኛል?" አሉ ይባላል። ቤት ያሉት እኔ "ደረጃ" ብዬ የጻፍኩትን ነበር።

እንግዲህ ያን ሰኞ ምድር ቤቱን ቆረጥኩ፤ ለሐጂ። ፎቁን ቆረጥኩ፤ ለሙስሊህ። ስክሪኑ ላይ የቀረው የግቢው በር፣ ደረጃው፣ የውሃ ታንከሮቹና ያ የገፋሁት የደረጃ ቤት ነው። እጄ ቆመ። የጋራ ማለት የሁለቱ ወንድማማቾች ማለት ነው፣ እኩል በእኩል። ሙስሊህ ፎቁን ሲሸጥ ግማሹ ደረጃ አብሮ ይሸጣል፤ ከደረጃው ጋር ደግሞ የረስሚያ መኝታ ቤት ግማሹ። ኮምፒዩተሩ ምን ቸገረው? እሱ የሚያነበው የተጻፈውን ነው፣ የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

አራተኛ ፋይል ከፈትኩ። ሁለቱን ክፍሎች ለብቻቸው አወጣሁና አልጋውን መለስኩ፣ ምድጃውን መለስኩ። ስሙን "የረስሚያ ቤት" አልኩት። ዋስፊ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ቤት ነዋ።"

"እንዲህ ያለ ቤት የለም።"

"አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ ሰፋ አድርጊው ያልከኝ?"

"ዝም በይና ስሚኝ።" መነጽሩን አወለቀ፤ መነጽሩን ሲያወልቅ የሚናገረው የምሩን ነው። "ቤት ብለሽ ካስገባሽው ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት ነው፣ ያፈርሱታል። ደረጃ ብለሽ ከተውሽው አይፈርስም፣ ግን የሷ አይደለም። ሌላ መንገድ ያለው አንድ ነው። ሁለቱ ወንድሞች ለእህታችን ሰጥተናታል ብለው ይፈርሙና ፈቃድ ይጠየቅላት። ያኔ ማመልከቻውን እኔ በእጄ እጽፈዋለሁ፣ አንድ ፒያስተርም አልቀበልም።"

ዋስፊ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፣ የምጣላው ሰው አገኝ ነበር።

ለሐጂ ጋሌብ ደወልኩ።

"ልጅቷ? ልጅቷማ ራሴ ላይ ናት!" አሉኝ። ራሴ ላይ ማለት አከብራታለሁ፣ እሸከማታለሁ ማለታችን ነው። ረስሚያ የሚኖሩት ጣሪያ ላይ ስለሆነ ነገሩ በእርግጥም እውነት ነው።

"እንግዲያው ይፈርሙላታ፣ ሐጂ። አንድ ወረቀት ናት።"

"በወንድምና በእህት መካከል ወረቀት? ነውር ነው፣ ልጄ። ሰው ምን ይለናል?"

"ድርሻዋን ስትተውላችሁስ ወረቀት አልነበረም እንዴ?"

ስልኩ ጆሮዬ ላይ ተዘጋ። አፌን ባልከፍት ይሻል ነበር፤ ግን እኔ አፌን ዘግቼ አላውቅም፣ የተዘጋውም አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም እነግራችኋለሁ።

ሙስሊህን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቅኩት። እሱም "ራሴና ዓይኔ ላይ ናት" አለኝ፤ ከወንድሙ የሚለየው ዓይኑን በመጨመሩ ነው።

"መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱ ምርመራ ይለፍ። ከዚያ የልጅቷን ነገር እናስተካክላለን።"

"ከሸጥክ በኋላ በየትኛው እጅህ ነው የምትፈርመው?"

"ሱሃድ፣ ነገር አታክብጂ።" ግራና ቀኙን አየ። "ገዢው ጣሪያው ላይ ሰው ካለ አልገዛም ብሎኛል። ምን ላድርግ? እስክሞት እዚያች ቤት ውስጥ የሁለት ሴት ጭቅጭቅ ልስማ?"

"እህትህስ የት ትግባ?"

"ወንድሜ ጋ ትገባለች።"

"ሐጂ ያውቃሉ?"

ሰዓቱን አይቶ ታክሲ አስቆመ። ከዚያ በኋላም ሁለቴ ደውዬለታለሁ፣ ዋስፊም ደውሏል፣ ሐጂ ዘንድም ሰው ልኬ ነበር። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ረስሚያ ራሳቸው መጡ። የቢሮውን ደረጃ ወጥተው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ በዋልነት የተሞላ ደበርጃን በዘይት ያስቀመጡበትን ማሰሮ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

"አንቺ ልጅ፣ ለወንድሞቼ ለየብቻ ፋይል እየሠራሽ ነው አሉ።"

"አዎ፣ አክስቴ።"

"ለኔም ሥሪልኝ። ትንሽም ብትሆን ግድ የለኝም።" ከዚያ ሳቅ አሉ። "አባቴ ረስሚያ ያለኝ መንግሥት የሚያውቃት፣ ሕጋዊት ትሁን ብሎ ነው። ይኸው ስልሳ አንድ ዓመቴ፣ መንግሥት አንድ ቀን እንኳ እንደምን አደርሽ ብሎኝ አያውቅም።"

እኔም ሳቅኩ። ወንበር አቀረብኩላቸው።

"ሐሙስ የመሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ ይመጣል" አሉኝ። "ወንድሞቼ ዕቃሽን አውርጂ ብለውኛል፣ ለአንድ ቀን። አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ሁሉንም። ሰው ሲያየው ደረጃ እንዲመስል ነው። ከዚያ ተራው ያንቺ ነው ብሎኛል ሙስሊህ፣ በአላህ ምሎልኛል።"

"አክስቴ፣ አያውርዱ።"

"ካላወረድኩስ?"

ምን ልበል? "ካላወረዱ ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት ነው ብለው ያፈርሱታል።"

"እና ካወረድኩስ?"

"ካወረዱ፣ ሙስሊህ ከሸጠ በኋላ መልሰው ላያስገቡዎት ይችላሉ። ገዢው ጣሪያው ላይ ሰው አልፈልግም ብሏል።"

የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የሚታዘንልኝ እኔ የሆንኩ ይመስል እጄን መታ መታ አደረጉ።

"ሙስሊህን እኮ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እናቴ ስትታመም የሦስት ወር ልጅ ነበር። ጀርባዬ ላይ ነው ጥርስ ያወጣው፣ ትከሻዬን እየነከሰ።" ተነሡ። "ሌላ የምትመክሪኝ አለሽ?"

ያን ጊዜ ብልሃት ቢኖረኝ ነፍሴን ሰጥቼ እገዛው ነበር። አንዱን ብመክራቸው ቤታቸውን አፈርሳለሁ፣ ሌላውን ብመክራቸው በሰው እጅ እሰጠዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መስመር ሳሰምር ስኖር አንዲት ሴት የምታልፍባት አንዲት በር ማውጣት አቃተኝ።

"የለኝም፣ አክስቴ" አልኳቸው።

"ምንም አይደል። ደበርጃኑን ፀሐይ እንዳይነካው" ብለው ወረዱ።

ሐሙስ ዕለት ዋስፊ ክፍሎቹ እንደ ድሮው የደረጃ ቤት የተባሉበትን የታተመ ንድፍ አስይዞ ላከኝ። ጣሪያው ላይ ስወጣ ሐጂ ጋሌብ ወታደራዊ አቋማቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ሙስሊህ ቁልፍ በጣቱ ያዞራል። የክፍሎቹ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ባዶ ነው። ቁም ሣጥኑ የቆመበት ግድግዳ ከሌላው ይልቅ ነጭ ነው፤ ምስማሮቹ ተነቅለው ቀዳዳቸው ቀርቷል። ወለሉ ገና አልደረቀም፣ የበረኪና ሽታ ያፍናል። ደረጃ እንዲመስል ባዶ የተደረገውን ቤት ረስሚያ ጎንበስ ብለው አጥበውታል። ለእንግዳ ቤት እንደሚያጥቡ ሁሉ።

ተቆጣጣሪው ወጣት ነው፣ ላብ በላብ ሆኗል፣ ገና አራት ቤት ይቀረዋል። ስፋቱን ለካና ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

"ምን ዓይነት ደረጃ ነው እንዲህ የሚንጣለል?"

"አባታችን ጠባብ ነገር አይወዱም ነበር" አሉ ሐጂ።

"ይሄ ቧንቧስ?"

"ጣሪያውን ማጠቢያ ነው" አለ ሙስሊህ ቶሎ ብሎ።

ተቆጣጣሪው ከዚህ በላይ አልጠየቀም። ዞር ሲል ግን ረስሚያን አየ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ፣ በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ንጹሕ ሻርፕ ለብሰዋል፣ እጃቸውን እሆዳቸው ላይ አጣምረዋል።

"አክስቴ፣ እርስዎ ከየትኛው ቤት ነዎት?"

ረስሚያ ሐጂ ጋሌብን አዩ። ሙስሊህን አዩ። እኔንም አዩኝ፣ እኔ ደግሞ ንድፉን አየሁ።

"እኔ እንግዳ ነኝ፣ ልጄ" አሉት።

"እንኳን ደህና መጡ" አላቸው፣ ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። "መሐንዲሷ፣ ንድፉና ቦታው ይስማማሉ?"

አፌ የተዘጋበት ቀን ያልኳችሁ ይሄ ነው። አይስማሙም ብል የሚጻፈው የማፍረሻ ትእዛዝ ነው። ሦስቱም ያዩኛል። ረስሚያ ከሁሉ በላይ ያዩኛል፣ ያቺን ሐሰት እንዳላበላሽባቸው እየለመኑ።

"ይስማማሉ" አልኩ።

ፈረመ። ሐጂ እስከ ግቢው በር ሸኙት። ሙስሊህ የባዶውን ቤት በር ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተው። ረስሚያ እጃቸውን ዘረጉ።

"ለጊዜው እኔ ጋ ይሁን" አላቸው ፊታቸውን ሳያይ። "ገዢው ነገ ሊያየው ይፈልጋል። ዕቃሽም እታች መጋዘኑ ውስጥ ትንሽ ይቆይ።"

"ማታስ የት ልተኛ?"

"ሐጂ ጋ ፍራሽ ይነጠፍልሻ። አንድ ሁለት ቀን ነው።"

እጃቸው እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየና ወረደ። እኔ ንድፉን ጠቅልዬ ደረጃውን ስወርድ ከኋላዬ ተከተሉኝ፤ በሩ ጋ ደርሰን ክንዴን ያዙኝ። እጃቸው ከውሃው ቀዝቅዟል።

"እንግዳ ነኝ ማለቴ ጥሩ ነበር፣ አይደል? ልቤ ድው ድው ስትል የሰማኝ መስሎኝ ነበር።"

"ጥሩ ነበር፣ አክስቴ።"

"አየሽ? ሁሉም በሰላም አለፈ። እንግዲህ ተራው የኔ ነው። ለፋይሌ መቼ ልምጣ?"

ፋይል የሚባል እንደማይኖራቸው እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ዓርብና ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው፤ ፊታቸውን ሳላይ ሁለት ቀን የማተርፍበትን ቀን መረጥኩ።

"እሑድ" አልኳቸው።

"እሑድ እመጣለሁ።"

እሑድ ጠዋት ቢሮውን ልከፍት ስደርስ ቀድመውኝ ደርሰዋል፤ መታወቂያቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።